ለግምጃ ቤት ምን ይዘን እንግባ?

በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በልውውጥ ወደዚያ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሁሉ አንድ ጥያቄ ይደርሳቸዋል። ከቤተ ዘመድ ይመጣል፤ ከጎረቤት ይመጣል፤ ከጓደኛ ይመጣል። ጥያቄውም «ምን ይዘህ ትመጣለህ?» የሚል ነው። እኛ ከግምጃ ቤትና ከአካባቢዋ ወጥተን በዩኒቨርሲቲ የምንማር ወጣቶች ነን። ከመካከላችን ይህን ዕድል አግኝተው ሄደው የተመለሱ አሉ፤ በዚህ ሰሞን ሻንጣ የሚያስሩም አሉ፤ ለሚመጣው ዓመት ማመልከቻ የሚጽፉም አሉ። ስለዚህ ስለ ጥያቄው ያለንን አሳብ በዚህች የማኅበራችን ልሳን መግለጽ ተገቢ መስሎ ታየን።

አሳባችን ባጭሩ ይህ ነው። የመጨረሻዎቹ ሳምንታት የዕቃ መግዣና የስንብት ጊዜ ብቻ ተደርገው መቆጠራቸው ትልቅ ጥፋት ነው። አንድ ሴሚስተር ለአገር መጥቀሙ ወይም አለመጥቀሙ የሚለየው በእነዚያ ቀናት ነው። የሚለዩትም ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ሻንጣውን የሚያስረው ተማሪ፣ ሁለተኛው በሩን ከፍቶ የሚቀበለው ቤት። ተማሪው ምን መሸከም እንደሚገባው ካላሰበበት፣ ቤቱም ምን መጠየቅ እንደሚገባው ካላወቀ፣ ግማሽ ዓመት የተደከመበት ነገር በአንድ ሳምንት ይበተናል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እናብራራ። ኢራስመስ የተባለው የተማሪዎች ልውውጥ በአውሮፓ አገሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀመረ። በኋላም ኢራስመስ ፕላስ ተብሎ ሲስፋፋ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን ለጥቂት ወራት እንዲልኩበት በሩ ተከፈተ። አሠራሩ አስቸጋሪ አይደለም። አንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲና አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ይዋዋላሉ። ተማሪው በአገሩ እንደ ተመዘገበ ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር ይሄዳል። የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 በተመደበው ዘመን፣ እንደሚሄድበት አገር ሁኔታ በወር ከ800 እስከ 900 ዩሮ ለኑሮው ይሰጠዋል፤ የመንገዱም ወጪ ለብቻው ይታሰብለታል። ከመነሣቱም በፊት የትኞቹን ትምህርቶች እንደሚወስድ የሚገልጽ ውል እርሱና ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይፈራረማሉ። በአውሮፓ ሚዛን አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ነው፤ አንዱም ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል። እንግዲህ ማስላት ነው፤ ተማሪው በዚያች ሴሚስተር ቢያንስ 750 ሰዓት ደክሟል ማለት ነው። የዚህ 750 ሰዓት ዕጣ ምን ይሆናል? ጥያቄያችን እርሱ ነው።

የመጨረሻዎቹ ቀናት መልክ እንዲህ ነው። በጀርመን አገር እነርሱ የበጋ ሴሚስተር የሚሉት ትምህርት የሚያልቀው በእኛ ሐምሌ ነው፤ የክረምቱ ደግሞ በየካቲት። ፈተናውም ከዚያው ጋር ይደራረባል። ተማሪው በአንድ እጁ ደብተሩን ይዞ በሌላው የኑሮውን ገመድ ሲፈታ ይሰነብታል። ከከተማው የነዋሪዎች መዝገብ ስሙን ማሰረዝ አለበት፤ ይህም ሊለቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ ከለቀቀ በኋላ ሁለት ሳምንት እስኪሞላው ድረስ የሚፈጸም ነው። ክፍሉን አጽድቶ፣ ግድግዳውን አስመርምሮ፣ ቁልፉን ያስረክባል። ሲገባ በመያዣነት ያስቀመጠው ገንዘብ፣ ሕጉ እስከ ሦስት ወር ኪራይ እንዲደርስ የሚፈቅደው፣ የሚመለስለት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም አገሩ ገብቶ ከሰነበተ በኋላ ነው። የባንክ ሒሳቡን ቸኩሎ የዘጋ ተማሪ ያን ጊዜ ገንዘቡን የሚቀበልበት መንገድ ያጣል። ብስክሌቱን ለሚቀጥለው ተማሪ ይሸጣል፤ ድስቱንና ብርድ ልብሱን በነጻ ይሰጣል።

በዚህ ሁሉ ጥድፊያ መካከል የሚረሱ ነገሮች አሉ፤ የሚያሳዝነው የሚረሱት ዋናዎቹ መሆናቸው ነው። የውጤት ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ የሚላከው ተማሪው ከሄደ በኋላ ስለሆነ፣ ማን እንደሚልከው፣ ለማን እንደሚልከው፣ መቼ እንደሚልከው ሳይጠይቅ ይሳፈራል። የእያንዳንዱን ትምህርት ዝርዝር፣ ማለትም ምን ምን እንደ ተማረ፣ ስንት ሰዓት እንደ ተማረ፣ በምን መጽሐፍ እንደ ተማረ የሚገልጸውን ወረቀት አይሰበስብም። አገሩም ሲገባ «ይህ ትምህርት ከእኛ ትምህርት ጋር መመሳሰሉን በምን እናውቃለን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የሚያሳየውም ነገር የለውም። ተመልሰው መጥተው ያንኑ ሴሚስተር እንደገና እንዲማሩ የተደረጉ ወጣቶች አሉ። ጓደኞቻቸው ተመርቀው ሲወጡ እነርሱ ወደ ኋላ ቀርተዋል። የተፈረመ ውል እያለ ይህ መደረጉ የተማሪው ጥፋት ብቻ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲዎቻችንም ግዴታ ጭምር ነው፤ ወደዚያ በኋላ እንመለሳለን።

ስልኩ በበኩሉ ዕረፍት የለውም። አንዱ የእጅ ስልክ ይፈልጋል፤ ሌላዋ ጫማ ታዝዛለች፤ የአክስት ልጅ ለሠርጉ ሱፍ ልብስ ይላል፤ ጎረቤትም «ለእኔ የምትሆን ትንሽ ነገር አታጣም» ብሎ ይጨምራል። አውሮፕላኑ የሚፈቅደው ግን ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ነው፤ ተደምሮ 46 ኪሎ። ከዚህ ላይ የዘመድ ትእዛዝ፣ የራሱ ልብስና ጫማ ሲቀነስ ለመጽሐፍ የሚተርፈው ስንት ነው? እኛ ባየነው መጠን ብዙ ጊዜ ምንም አይተርፍም።

እዚህ ላይ አንባቢ በክፉ እንዳይተረጉምብን እንለምናለን። በስጦታ ላይ አንዘብትም። በአገራችን ከሩቅ መጥቶ ባዶ እጅን መግባት ነውር ነው፤ ነውር የሆነውም በከንቱ አይደለም። ልጁ ፓስፖርት እንዲያወጣ፣ ለቪዛ አዲስ አበባ እንዲመላለስ ሲል አባት በሬ ሸጧል፤ ወይም የደረሰውን ዕቁብ አንሥቶ ሰጥቷል። እናት ከሩቅ አገር የመጣላትን ሻርፕ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ለሰው የምታሳየው ሻርፑን አይደለም፤ ልጇ እንዳልረሳት ነው። ይህን የሚንቅ ምሁር ምሁር አይባልም። እኛ የምንለው ሌላ ነው። ከስጦታው በኋላ ሌላ ጥያቄ የማይከተል ከሆነ፣ ልጁ አውሮፓ የሄደው ለገበያ ነበር ማለት ይሆናል። ገበያ ለመሄድ ደግሞ 750 ሰዓት መማር አያስፈልግም።

ይህን ነገር ቀድሞ ያሰበበት ሰው አለ። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በወጣትነቱ ከአገሩ ወጥቶ በጀርመን አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ብዙ ድካም ሰጥቶ ጥቂት ድካም እንደሚቀበል በሰፊው አስረድቷል። እንግዲህ ጀርመን ደርሶ የተመለሰው ያ ወጣት ይዞ የገባው ዕቃውን አልነበረም፤ ዕቃው ለምን እንደ ተወደደብን የሚያስረዳ አሳብ ነበር። ዕቃው ቢመጣ ኖሮ ዛሬ አርጅቶ በተጣለ ነበር፤ አሳቡ ግን እስካሁን ያነጋግረናል።

በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚመጣ ሁለተኛ ጥያቄ አለ፤ እርሱ የሚነገረው በሹክሹክታ ነው። «ለምን ትመጣለህ?» ይላል። ይህን ጥያቄ ቀልደን የምናልፈው አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን የጦርነት ምድር ሆነ፤ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ የኢንተርኔት መስመር ለብዙ ጊዜ ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘጉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላም 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚህ መካከል ውጭ አገር ላለ ልጇ ደውላ «ልጄ፣ በናፍቆትህ ልሞት ነው፤ ግን አትምጣ» የምትል እናት አለች። ይህችን እናት አገር አትወድም ብሎ የሚወቅስ ቢኖር ልብ የለውም። ለእኅቶቻችን ደግሞ ነገሩ ድርብ ነው፤ ሲቆዩ መንገድ ላይ ቀረች ይባላሉ፤ ሲመለሱም መጀመሪያ የሚጠየቁት ስለ ትምህርታቸው ሳይሆን መቼ እንደሚያገቡ ነው።

ቢሆንም አሳባችንን አንሰውርም። የልውውጥ ተማሪ ዕድል የአንድ ሰው ርስት አይደለም፤ ተራ ነው። ተራውን ይዞ የቀረ ሰው የሚቀጥለውን ተማሪ ተራ ይዞ ይቀራል። ቪዛ የሚሰጠው ሹም አዲሱን አመልካች ሲያይ ያለፈውን ያስታውሳል፤ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። ከግምጃ ቤት የሚያመለክት ልጅ ደግሞ አስቀድሞም በር የሚከፍትለት ዘመድ የለውም፤ ያለው ከእርሱ በፊት የሄደው ልጅ መልካም ስም ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ ሳይፈቀድለት የቀረው ወጣት ከሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ሳይመረቅ ይቀራል፤ የጀመረውን ትምህርት የሚቀጥልበት መንገድ ይጠብበታል። አባቶቻችን «ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» ያሉት ይህንኑ አይተው ነው። ተመልሶ ተመርቆ፣ በደንቡ ተወዳድሮ እንደገና ቢሄድ ግን የሚከለክለው የለም፤ እኛም አንነቅፈውም።

ይህ የመመለስ ነገር በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከተማ ሂዮብ ሉዶልፍ ከተባለ ጀርመናዊ ወጣት ሊቅ ጋር ተዋወቁ። በ1652 እ.ኤ.አ. ደግሞ በመስፍኑ በኤርንስት ግብዣ ጎታ ወደምትባለው የጀርመን ከተማ ሄደው ጥቂት ወራት ተቀመጡ፤ በዛሬው አነጋገር አንድ ሴሚስተር ያህል መሆኑ ነው። ሉዶልፍ በዚያ ጊዜ ያደረገው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ጠየቀ። የቃላቱን ፍቺ ጠየቀ፤ የአገሩን አስተዳደር ጠየቀ፤ የእንስሳቱንና የተራራውን ስም ጠየቀ፤ መልሱን ሁሉ ጻፈ። ከዚያ የተነሣ በ1681 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 እ.ኤ.አ. መርከባቸው ተሰብሮ ሰጠሙ። እርሳቸው ለአውሮፓ የሰጡት ተጽፎ ኖረ፤ ከአውሮፓ አይተው ለእኛ ሊነግሩን የሚችሉት ሁሉ አብሯቸው ባሕር ገባ። ዛሬ ባሕር የሚያሰጥመን የለም። ነገር ግን የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ያየውን ሁሉ በሆዱ እንደ ያዘ የሚቀር ተመላሽ ከሰጠመው በምን ይለያል?

ወደ ራሳችን ሰፈር ጠጋ እንበል። ከአዊ ምድር ጋር በሚዋሰነው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ላይ፣ ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በኅዳር 1770 እ.ኤ.አ. ደረሰ። ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አገሩ ጉዞ የጀመረው በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ነበር። ሰውየው ሲመለስ ምን ይዞ ሄደ? መጽሐፈ ሄኖክን ጨምሮ የብራና መጻሕፍትን ይዞ ሄደ። የኮሶን ዛፍ ሥዕልና መግለጫ ይዞ ሄደ። ከሁሉ የሚደንቀው ደግሞ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን በአገራችን ልዩ ልዩ ቋንቋዎች አስተርጉሞ ይዞ መሄዱ ነው፤ ከነዚያም አንዱ የዳሞት አገው ቋንቋ፣ ማለትም የእኛው አውኚ ነው። የብሩስ ብራናዎች ከ1843 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦክስፎርድ፣ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከግምጃ ቤት ወጥቶ አውሮፓ የሚማር ልጅ የአያቶቹን ቋንቋ የዛሬ 250 ዓመት ገደማ ተጽፎ የሚያገኘው እዚያ ነው።

ብሩስን ልናመሰግነው ወይም ልንከሰው አይደለም የጠቀስነው። የጉዞውን መጨረሻ እንዴት እንደ ተጠቀመበት ለማሳየት ነው። እርሱ የእኛን አገር ሲለቅ የሚያስፈልገውን ነገር ዝርዝር በልቡ ይዞ ነበር፤ እኛ የእርሱን አገር ስንለቅ የምንይዘው የሱቅ ዝርዝር ነው። ሮበርት ሄትስሮን የተባለው በሃንጋሪ የተወለደ የቋንቋ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ አውኚ ግሥ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳተመ። አውኚ ዛሬ በዞናችን ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። ይህን ቋንቋ የሚያስተምሩት መምህራን ግን እነዚህን ሥራዎች በእጃቸው ቢያገኙ ምን ያህል በተጠቀሙባቸው! ኦክስፎርድ ድረስ መሄድ ለልውውጥ ተማሪ ቀላል አይደለም፤ እንግሊዝ ሌላ ቪዛ ትጠይቃለች። ነገር ግን ለቤተ መጻሕፍቱ ደብዳቤ ጽፎ ቅጂ መጠየቅ ይቻላል፤ የሄትስሮንንም መጽሐፍ ከሚማሩበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተውሶ አንብቦ ማስታወሻ መያዝ ይቻላል። ይህ ሁሉ ከአንድ ኪሎ አይመዝንም።

የሚያስፈልገንም የቋንቋ ነገር ብቻ አይደለም። በአዊ ደጋ አፈሩ በዝናም ብዛት ታጥቦ አሲዳማ ሆኗል፤ ገበሬው ማዳበሪያ ጨምሮ ምርቱ አልጨምር ሲለው ምክንያቱን ከሰማይ ይፈልጋል። መድኃኒቱ የግብርና ኖራ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አስቸጋሪው ለየትኛው ማሳ ስንት መጠን እንደሚያስፈልግ በርካሽ ለክቶ ማወቅ ነው። በአውሮፓ የአፈር ላቦራቶሪ አንድ ሴሚስተር የተማረ የግምጃ ቤት ልጅ መምህሩን «ይህን መለኪያ ያለ ውድ መሣሪያ እንዴት ልሠራው እችላለሁ?» ብሎ ሳይጠይቅ እንዴት ይሰናበታል?

ዲከረንስንም እንውሰድ። ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ለብዙ ቤት ሀብት ሆኗል፤ ገበሬው ተክሎት፣ በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል አክስሎ፣ ልጁን ያስተምርበታል። ከመካከላችን ደብተራችን በከሰል ገንዘብ የተገዛ ጥቂቶች አይደለንም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዛፉን ዋግ መታው። የዚህ ዓይነቱ ዋግ በደቡብ አፍሪካ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታይቶ ሲመረመር ቆይቷል። በፖርቱጋል ደግሞ የዲከረንስ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሚሞሳ ጫካውን እየወረረ ስላስቸገራቸው የደን ትምህርት ቤቶቻቸው ብዙ ያጠኑታል። ፖርቱጋል የተማረ ልጅ በመጨረሻው ሳምንት በባሕር ዳርቻ ፎቶግራፍ ቢነሣ አንጠላም፤ አንድ ቀን ግን የደን መምህሩን ቢሮ ያንኳኳ።

«በስድስት ወር ከተመለሰ ልጅ ይህን ሁሉ መጠበቅ ጭካኔ ነው» የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ጥሩ ተቃውሞ ነው። ልጁ ሊቅ ሆኖ ይምጣ አላልንም። ድንች ወደ አገራችን እንዴት ገባ? ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በ1858 እ.ኤ.አ. እንዳስገባው ተጽፏል። ዛሬ የአዊ ደጋ ቤት ያለ ድንች ክረምትን አይወጣም። አንድ ሰው በዕቃው መካከል ያስቀመጠው ነገር የሕዝብ ምግብ ለመሆን በቃ። ብዛቱ አይደለም የሚፈለገው፤ ታስቦበት መመረጡ ነው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ ከታሪካችን እንቀበላለን። በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና የተማሩት የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ልጆች፣ ብንያምና ዮሴፍ፣ አገራቸው ስትወረር ከአርበኞች ጋር ቆመው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሽስቶች ገደሏቸው። ያ ትውልድ ያመጣውን ዕውቀት ጠላት አጠፋብን። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአውሮፓ የነበሩት ተማሪዎች ደግሞ ማኅበር አቋቁመው «ትግላችን» የተባለውን መጽሔት አሳተሙ፤ ከመካከላቸውም ጥቂቶቹ በ1968 እ.ኤ.አ. በሐምቡርግ መኢሶንን መሠረቱ። ከአብዮቱ በኋላ ተመልሰው ገቡ፤ ብዙዎቹም በደርግ ዘመን በእስርና በግድያ አለቁ። የእነርሱን ቅንነት አንጠራጠርም። ነገር ግን ባላገሩ ጥያቄውን ሳይጨርስ መልስ ይዞ የመድረስ ጠባይ ነበረባቸው ብንል ስም ማጥፋት አይሆንብንም። ስለዚህ ተመላሹ ሲጠየቅ እንዲመልስ ብቻ ሳይሆን፣ እርሱም ቤቱን እንዲጠይቅ እንፈልጋለን። «እኔ ይህን አየሁ፤ እዚህ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ ለገበሬ አባቱ ማቅረብ ሽንፈት አይደለም። አባቱ የመሬቱን ጠባይ የሚያውቀው ከማንኛውም ላቦራቶሪ በፊት ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ለሦስት ወገኖች የምናቀርበው አሳብ አለን።

በመጀመሪያ ለተማሪው። ሊመለስ አንድ ወር ሲቀረው የውጤቱን ወረቀት ማን እንደሚልክ በስም ይወቅ፤ የእያንዳንዱንም ትምህርት ዝርዝር አስፈርሞ ይያዝ። ቀጥሎ ከአገሩ ችግር አንዱን፣ አንዱን ብቻ፣ መርጦ ለአንድ መምህር ያቅርብ፤ የተሰጠውን መልስ በጽሑፍ ይያዝ፤ የመምህሩንም አድራሻ ይቀበል። ከ46 ኪሎውም ቢያንስ ስድስት ኪሎ ለመጽሐፍ ይተው፤ አርባው ለዘመድ ይበቃል። በመጨረሻም ከእርሱ በኋላ ለሚሄደው ልጅ አሥር ገጽ ይጻፍለት፤ ክፍል እንዴት እንደሚገኝ፣ ሒሳብ መቼ እንደሚዘጋ፣ የትኛው መምህር እንደሚረዳ፣ በየትኛው ወር ብርዱና ብቸኝነቱ እንደሚበረታ። ይህን ወረቀት ማግኘት ዘመድ የሌለውን ልጅ ዘመድ ካለው ጋር እኩል ያደርገዋል።

ሁለተኛ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን። የፈረማችሁትን ውል አክብሩ። አስቀድማችሁ የተስማማችሁበትን ትምህርት ተማሪው አልፎ ከመጣ ክሬዲቱን መዝግቡለት። ተመላሾችም በየሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ምሽት በአዳራሽ ቆመው ያዩትን ለተማሪና ለመምህር እንዲያስረዱ አድርጉ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ አዳራሽና ጥቂት ወንበር ነው የሚጠይቀው።

ሦስተኛ ለግምጃ ቤት ሰዎች፣ ለወላጆቻችንና ለታላላቆቻችን። በትሕትና የምንለምነው አንዲት ቃል እንድትለውጡልን ብቻ ነው። «ምን ይዘህ መጣህ?» ከማለት ጋር «ምን አይተህ መጣህ?» በሉን። ልጁ በሐምሌ ጭቃ ከእንጅባራ መኪና ይዞ ሲገባ፣ ቡናው ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ ስጦታው ከታየ በኋላ አንድ ሽማግሌ ይህን ይጠይቅ። መሰብሰብና ማኅበር መመሥረት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረው ማንም ከውጭ ስለ ረዳው አይደለም፤ አባቶቻችን ለመታሰቢያቸው ተሰብስበው ቃል ስለ ገቡ ነው። ለፈረስ ጉግስ የሚሰበሰብ ሕዝብ ለልጁ ዕውቀት አንድ ምሽት ቢሰበሰብ አይከብደውም።

ከግምጃ ቤት ለዚህ ዕድል የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። ጥቂት በመሆናቸው ሸክሙ ይበዛባቸዋል፤ የዘመዱ ሁሉ ተስፋ በአንድ ልጅ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይባላል። የሄደው ልጅ ያየውን ለሃምሳ ሰው ካካፈለ ሸክሙ ይቀልለታል፤ ሃምሳው ሰው ካልጠየቀው ግን ሎሚው በጆንያው ውስጥ ይበሰብሳል።

በዚህ ሰሞን በአውሮፓ ፈተና የምትፈተኑ፣ ክፍል የምታስረክቡ፣ ሻንጣ የምታስሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ይህች ጽሑፍ ከደረሰቻችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት አንድ የቀረችዋን ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አሳልፏት። እኛም እዚህ የበኩላችንን እናዘጋጃለን። የከተማችን ስም ግምጃ ቤት ነው፤ ግምጃ ቤት ደግሞ የገባበትን ቆጥሮ የሚረከብና ለሚፈልገው የሚያወጣ ቤት ነው። ስትመጡ ቆጥረን እንረከባችሁ።